የጣሪቅ ዝምታ

አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ጣሪቅን አልወደውም። መልኩ ያምራል፣ አልክድም። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ሲያለቅስ እንኳ ያምርበታል። ግን እናቱ ፊት ሲቀርብ ምላሱን የሚውጥ ወንድ ምን ያደርግልኛል? የመካነ ሰላም ሴት ግማሹ ለጣሪቅ ሲያብድ እኔ ብቻዬን በአቋሜ ጸናሁ። ያውም የሚናገረውን ሁሉ እየተረጎምኩላቸው።

ጣሪቅ የፊልም ሰው ነው። ሚሊኒየሙን ባከበርን ማግስት በነበረው ዓመት፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የሚታይ ተከታታይ ፊልም ነበር፤ ቱርኮች የሠሩት፣ በአረብኛ የሚናገር። ሰልማ የምትባል ልብስ ሰፊ የድሃ ልጅ አለች። ጣሪቅ የባለጸጋ ልጅ ነው። ይዋደዳሉ። የጣሪቅ እናት ደግሞ «መጀመሪያ ሱቋን ትዝጋ፤ የእኛ ቤት ምራት መርፌ ይዛ ገበያ አትቀመጥም» አለች። ይኸው ነው ነገሩ። ሰልማ ይህን ለመወሰን ወራት ፈጀች፤ እኛም አብረናት ፈጀን።

ይህን ሁሉ የሚያሳየን ዲሽ የኔ ነው። ጅዳ ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ሌላዋ ወርቅ አስራ ትመጣለች፤ እኔ ወርቅ አላሰርኩም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ብቻዋን ነበረች። በስልክ «ዛሬ ማን መጣ?» ስላት «ማን ይመጣል ብለሽ» ትለኝ ነበር፤ ይቺ መልሷ አንጀቴን ትበላዋለች። ስመጣ ቤቷን በሰው የሚሞላ ነገር ገዛሁላት። ሞላም። ጫማው ደጃፉ ላይ ይከመርና የማን የማን እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስ ይደባለቃል። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ከወግዲ ለገበያ የወጣች ዘመድም ሳትቀር እዚያች ክፍል ውስጥ ትጠጋጋለች። እናቴ መሀል ተቀምጣ ቆሎ ታዘግናለች፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ እተረጉማለሁ። የእናቴ ፊት በዚያ ዓመት ወጣት ሆነ።

ሴቶቹ በሰልማ ጉዳይ ሁለት ወገን ነበሩ። በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ይታይሽ የ«ትዝጋው» ወገን አለቃ ናት። «ሱቅ ብርድ ልብስ ይሆናታል?» ትላለች፤ «ወላሂ፣ እኔ ያን የመሰለ ወንድ ባገኝ በርበሬዬን ገደል ነበር የምከተው።» መስቀል አንገቷ ላይ አድርጋ «ወላሂ» ስትል ማንም አይገርመውም፤ የወሎ ሰው ነን።

ደግሞ ማንም ያላወጣው ደንብ ነበረን። የራስሽን ችግር በራስሽ ስም አታወሪም፤ በሰልማ ስም ታወሪያለሽ። ባሏ ሪያድ ሄዶ ድምፁን ያጠፋባት ሴት፣ ፊልሙ ሲያልቅ «ይሄ ጣሪቅ ግን ምን ሆኖ ነው የማይደውልላት?» ትላለች። ጣሪቅ እኮ ያን ቀን ደውሏል። ሁላችንም ገብቶን «አይዞሽ፣ ሰልማ ትታገሥ፣ ወንድሙን ልካ ታስጠይቅ» እንላታለን። ዓይኗን ጠርጋ ትሄዳለች። በማግስቱ የባሏ ወንድም ጋ እንደሄደች እንሰማለን።

አዩብን ያመጣው ንፋስ ነው። የእኛ አገር ንፋስ ጣራ ሲያገኝ አይምርም፤ አንድ ቀን ዲሹን አዞረውና ሰልማ አፏን እንደከፈተች ጠፋች። አዩብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፤ የሸህ አሕመድኑር ልጅ ነው። ሸህ አሕመድኑር ማለት ከደጎሎም ከአጅባርም ደረሳ፣ የዲን ተማሪ፣ እየመጣ ቁርኣንና ኪታብ የሚቀራባቸው ትልቅ ዓሊም ናቸው። የሳቸው ልጅ የእኛ ጣራ ላይ ወጥቶ «ታየ?» ሲል፣ ሴቱ ሁሉ ከታች «አልታየም» ሲለው፣ ሲታይም እልል ሲሉለት፣ እንደ ጀግና ወረደ። ከዚያ በር ላይ በርጩማ ስበን ሰጠነው። ፊልሙን ይሁን እኔን ያየው እንጃ።

ከዚያ ወዲያ ንፋስ ባይኖርም ይመጣ ጀመር። እኔም የክፍሉን ደንብ ከማንም ቀድሜ አስተማርኩት። አንድ ቀን «ሰልማ ዛሬ ያሰረችው ሰማያዊ ሻሽ አምሮባታል» አለ። ሰልማ ያን ቀን ራሷ ላይ ምንም አልነበራትም። ሰማያዊ ሻሽ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩና «ጣሪቅ ዓይኑን ቢሰብር ይሻለው ነበር፤ ሰው ያየዋል» አልኩ። «ጣሪቅ ቢያዩትም ግድ የለው» አለ። ይታይሽ ቆሎዋ ትን አላት። እኔ የቀረውን ክፍል እንዴት አድርጌ እንደተረጎምኩት አላውቅም።

አንድ ጠዋት የአዩብ እናት እቴቴ ፋጢማ ቤታችን መጡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ በመጋረጃው በኩል ሁሉም ይሰማል።

«አዩብ አልቆም አልቀመጥ ብሏል» አሉ እናቴን። «ልጅሽን ነው የሚያስበው። ሸሁም ሽማግሌ እንልካለን ብለዋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቴ።

«ግን ያ ሳህን ከጣራችሁ ይውረድ። ሴቱም ይበተን። የሸህ አሕመድኑር ምራት ሲኒማ ታሳያለች ሲባል ደረሶቹ ምን ይላሉ? በዚያ ላይ ከአረብ አገር የመጣች ልጅ ናት። የሰው አፍ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ጓዳ ውስጥ ሆኜ ሰውነቴ ነደደ። ከአረብ አገር ያመጣሁት ነገር ቢኖር የሰው ቤት ሲጠርግ የሻከረ እጄንና ማንም ያልነካካውን ስሜን ነው። በዚያ አገር አንገቴን ያልደፋሁ ሰው፣ አገሬ ገብቼ በጣራዬ ልፈር?

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እናቴ መጋረጃውን ገለጠችው። «ሰምተሻል» አለች። «እኔ ዲሹ አያስፈልገኝም ልጄ። አንቺ ከተዳርሽልኝ ምን እፈልጋለሁ?» እንዲህ እያለች ዓይኗ ጫማ ወደሚከመርበት ደጃፍ ሄደ። ባዶ ነበር፤ ገና ጠዋት ነው። ያን ዓይኗን ሳይ አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት። እቴቴ ፋጢማ እንዲህ ያለውን ነገር ልጃቸው ሳያውቅ ይናገራሉ? አይናገሩም ብዬ ደመደምኩ። አዩብ ልኳቸዋል።

ከሰዓት ሴቱ መጣ፣ አዩብም መጣ፣ ፊቱ እንደ ዒድ ልብስ እያበራ። ያን ቀን የጣሪቅ እናት የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሰልማን «ምረጪ» አለቻት። ጣሪቅ አጠገቧ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ክፍሉ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ሴቱ መንጫጫት ሲጀምር እኔ ወደ በሩ ዞርኩ።

«መምህር፣ አንተ ምን ትላለህ? ሰልማ ሱቋን ትዝጋ ወይስ አትዝጋ?»

እሱ ፈገግ እንዳለ ነው። «ትዝጋ» አለ። «ሱቅ ምንድን ነው? ግንብና ቆርቆሮ ነው። ሰው ይበልጣል።»

«እናቱ ፊት ዝም ያለውስ ጣሪቅ?»

«እናቱን አክብሮ ነው። እናትን ማክበር ነውር የለውም።»

ቀዝቃዛ ውሃ የደፉብኝ መሰለኝ። የፈለግሁት መልስ ይህ አልነበረም፤ የፈራሁት ግን ይኸው ነበር።

«እኔ ሰልማን ብሆን» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሱቄን አልዘጋም። የምዘጋው በሬን ነው፤ በጣሪቅ ላይ። ንፋስ ቢመጣም፣ ዲሹ ቢዞርም ደጄን እንዳይረግጥ።»

ሰልማ ዲሽ የላትም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አዩብ ተነሳ። ከዚያ ወጣ፤ በሩ ላይ ያገኘውን ጫማ አጥልቆ ሄደ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ያን ሰማያዊ ሻሽ ፈትቼ ሳጥኑ ውስጥ ከታች አስቀመጥኩት።

ለካ ሲወጣ አንዱን እግር የራሱን፣ ሌላውን የይታይሽን ጫማ ነው ያደረገው። ይታይሽ ደግሞ ጫማዋን የምትተው ሴት አይደለችም። በማግስቱ፣ ነገሩን ሁሉ ከእናቴ ሰምታ ኖሮ፣ ሸህ አሕመድኑር ግቢ ሄደች፤ ስትመለስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽ ነው ያን ልጅ እንዲያ ያደረግሽው? ምንም የሚያውቀው የለም እኮ። ‹ዲሹን አውርጂ ያስባልካት አንተ ነህ?› ስለው ‹የምን ዲሽ?› አለኝ። የኔን ጫማ በእጁ ይዞ እንደቆመ ቀረ። እናቱ እናትሽን ያሉትን ስነግረው ‹እኔ ስለ ፊልሙ ነበር የመሰለኝ› አለ፤ ‹እኔ እኮ ስለ ሰልማ ነበር የመለስኩት።› ከዚያ ጫማዬን እንኳ ሳይሰጠኝ ወደ ቤት ገባ።»

ተቀመጥኩ። አስተማሪዋም ተማሪውም በአንድ ደንብ ተጠለፍን። እኔ በሰልማ ስም ስለራሴ ጠየቅሁት፤ እሱ ለአንድ ቀን ብቻ ስለ ሰልማ መለሰልኝ። ያ ረቢ፣ ሰው እንዲህም ይለያያል?

«ተነሽ፣ ሂጅና አናግሪው» አለች ይታይሽ።

«አልሄድም» አልኩ።

«ወይ ኩራት።»

«ይባል። ሳያውቅ ተናገረ፣ እሺ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። አሁን ግን አውቋል። አውቆ ምን እንደሚል ነው የምጠብቀው። ይህን እኔ ሄጄ ከአፉ አላወጣለትም።»

ልቤ ግን ሄዷል፤ ቀድሞኝ እነሱ ግቢ ደጃፍ ላይ ቆሟል። እግሬን ብቻ ነው መያዝ የቻልኩት።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በጁምዓ ቀን ነው፤ ያውም ከዐስር በኋላ፣ ሴቱ ተሰብስቦ ሳለ። እነሱ ፊልም መቼ እንደሚታይ ምን ያውቃሉ? ሸህ አሕመድኑር ከፊት፣ አብሮ አደጋቸው አቶ አለምነው ከኋላ። አቶ አለምነው የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው፤ እዚህ አገር ሸህ ሲያማልድ ክርስቲያን ወዳጁ ከጎኑ ካልቆመ ሽምግልናው ጎደሎ ነው። እናቴ ተርበድብዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ይታይሽ «ውይ፣ ዛሬ እኮ ሰልማ መልስ የምትሰጥበት ነው» አለች በሹክሹክታ፤ ቤቱ ሁሉ ሰማት። የሚወጣበት መንገድ ስላልነበረ ሴቶቹ ግድግዳውን ተጠግተው ቀሩ። አጎቴ በሽር ከጎረቤት ተጠርቶ መጣ፤ እኔ ጓዳ ገባሁ።

«ቆመን ነው የምንናገረው» አሉ ሸሁ፣ እንደ ደንቡ። «ልጃችን አዩብ ልጃችሁን ኑርጃንን ለትዳር ይፈልጋል።»

አጎቴ «በደስታ» ሊል ሲያኮበኩብ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«ሸህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገሩ የኔ ስለሆነ ነው። ሳህኑስ?»

አጎቴ ሊቆጣ ሲል ሸሁ እጃቸውን አነሱ። ዓይናቸው ጥቁሩ ቴሌቪዥን ላይ አረፈ። «ወደሱ እመጣለሁ» አሉ። «መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ነገር ምን ያስተምራችኋል?»

ብዋሽ ያምርልኝ ነበር። አልዋሸሁም።

«ብዙውን ጊዜ ምንም አያስተምርም፣ ሸህ። ውሸታም ነው። ድሃ ናት ተብላ የሚለቀስላት ሰልማ በየቀኑ አዲስ ቀሚስ ትቀይራለች። ጣሪቅ አንድ ቀን ሲሠራ አይቼው አላውቅም።»

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ አመለጠ። «ታዲያ ለምን ታያላችሁ?» አሉ።

«እዚህ የሚመጡት ለፊልሙ ብቻ አይደለም። ቤቷ ውስጥ አፏን የማትከፍት ሴት እዚህ ትናገራለች። በሰልማ ስም ትናገራለች፤ እኛም በሰልማ ስም እንመክራታለን። ስም አልጠራም፤ ግን ይህች ክፍል ያዳነችው ትዳር አለ። እናቴም ብቻዋን ከመቀመጥ የዳነችው በዚሁ ነው። ይህን ደግሞ በላቤ ነው ያመጣሁት። የማፍርበት ነገር ቢሆን ኖሮ ጣራ ላይ አልሰቅለውም ነበር።»

በዚያ ቤት ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው ፈንታዬ ከጥግ «እውነቷን ነው» አለች። ሌሎቹም «እውነቷን ነው» አሉ።

ሸሁ ጢማቸውን ዳበሱ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ ከእናቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ‹ሳህኑ ይውረድ ካላችሁ ሽማግሌ አትላኩልኝ፤ እኔም አላገባም› አለ» አሉ። «ለእናቱ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። እኔም ነገሩን ሳልመረምር በሰው ወሬ ተመርቼ ነበር። ይኸው ዛሬ አየሁት፤ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ነው። አይወርድም።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ይበቃታል። እኔን አልበቃኝም።

«ሸህ፣ ይህን ከሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።»

«አሁንስ በዛ» አሉ አቶ አለምነው። «በማን አገር ነው ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር የሚገባው?»

«እዚሁ ደጅ ቆሟል፣ ጋሼ። በመስኮቱ አይቼዋለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሸሁም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «በል ግባ አዩብ» አሉ።

ገባ። ከስቷል። በሴቱ ሁሉ መሀል፣ በአባቱ ፊት ቆመ፤ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«እንግዲህ…» አለ፣ «ጣሪቅ ቢሆን ኖሮ…»

«ጣሪቅን ተወው» አልኩት። «አዩብ ምን ይላል?»

በሰው ፊት በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም፣ እኔም አልሰበርኩም።

«አዩብ ተሳስቷል» አለ። «የመለስኩት ስለ ፊልሙ ነበር፤ ግን ስለ ፊልሙም ቢሆን ተሳስቻለሁ። የሰልማ ሱቅ ግንብ አይደለም፤ ድካሟ ነው። ያንቺም እንደዚያው። ይህን ለእናቴ ነግሬያታለሁ። አልቅሳለች፣ እኔም አልቅሻለሁ፤ ቃሌን ግን አላጠፍኩም። እናቴን አከብራታለሁ፤ በማክበሬ ግን ዝም አልልም። እወድሻለሁ፣ ኑርጃን። አባቴ ፊት ነው የምለው።»

በእኛ አገር ወንድ ልጅ ይህን ቃል በሰው ፊት አይናገርም፤ ሚስቱ ስትሞት እንኳ በልቡ ነው የሚለው። እኔ ኮራሁ። በሰው እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

«እቴቴስ?» አልኩ።

«እሷን ለኔ ተይልኝ» አሉ ሸሁ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ። ልቧ ክፉ አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛልን ነው የፈራችው። ይልቅ አንድ ነገር ቀርቷል። የሙሽራዋ ፈቃድ ያስፈልገናል።» ወደኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው እንደ አባት ለሰለሰ። «ደንቡን ታውቂያለሽ ልጄ። ልጃገረድ ስትጠየቅ ታፍራለች፣ መልስ አትሰጥም። ዝም ካለች ዝምታዋ እሺታዋ ነው። ስለዚህ ዝም በይ፤ እኛ እንረዳሻለን።»

እናቴ እንዲህ ዝም ብላ ነው የተዳረችው፤ የእናቴ እናትም እንዲሁ። ነውር የለውም፤ ለሚያፍር ሰው የተሠራ ደግ ደንብ ነው። ሁሉም ዝምታዬን እየጠበቁ አዩኝ። አዩብም መሬት መሬት እያየ ይጠብቃል።

«አይ፣ ሸህ» አልኩ። «ወንዱን ዝም አልክ ብዬ ስወቅስ ከርሜ እኔ በዝምታ አልዳርም። ቃሌን ከአፌ ስሙኝ፤ ከበሩ ውጪ ያለም ይስማ።» ራሴን ቀና አደረግሁ። «እኔ ኑርጃን አዩብን እሺ ብያለሁ።»

መጀመሪያ የተሰማው የእናቴ እልልታ ነው።